ደለል ላይ ያሰመርነው ግቢ

ልጆቹ «ይንገሩን» ማለት ከጀመሩ ሰንብተዋል። የልጄ ልጆች ናቸው፤ ትልቋ ሀያት ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። «እማማ፣ ልጅ ሳሉ ምን ሲሠሩ ነበር የሚውሉት?» ይሉኛል። «ምን ይሠራል፣ ደንገል ማድረቅ ነዋ» ብዬ አልፋቸው ነበር። ባለፈው እሑድ ግን የሀያት የቤት ሥራ አፌን አስከፈተኝ። አሁን እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። ነገሬም ወዲያ ወዲህ ይላል፤ እንግዲህ ታገሡኝ።

ልጅቷ በረንዳው ላይ በሆዷ ተኝታ ወረቀት ላይ መስመር ታሰምራለች። አንዱ እንዲህ ይጋደማል፣ ሌላው እንዲያ ይቆማል፤ ከዚያ መሀል ላይ የቀረውን በእርሳስ ታጠቁረዋለች። ልብስ እያጠፍሁ ነበር። በትከሻዋ በኩል አየሁትና ማጠፌን ተውሁ።

«ይሄ ግቢ ነው አይደል?» አልኋት።

«የምን ግቢ፣ እማማ? ሊኒየር ፕሮግራሚንግ ነው እኮ። አንድ እንጨት ሠሪ ወንበርና ጠረጴዛ ይሠራል፤ ጣውላው ይኼን ያህል ነው፣ ሰዓቱ ይኼን ያህል ነው፤ ስንት ወንበር ስንት ጠረጴዛ ቢሠራ ይበልጥ ያተርፋል ነው ጥያቄው።»

«እና መልሱ ከማዕዘኖቹ አንዱ ላይ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ማን ነገርዎት?»

«ክር አምጪና ላሳይሽ።»

«ኧረ እማማ! የምን ክር? ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ አስገብተን ነው የምናወጣው» ብላ ሳቀች። እውነትም ሠርታ ጨርሳለች፣ መልሷም ልክ ነበር። የእኔ ክር አላስፈለጋትም። እኔን ግን ይዞኝ ሄደ።

ልጅ እያለሁ ቤታችን ከጣና ዳር ነበር። እኛ ሐይቅ አንለውም፣ ባሕር ነው የምንለው። አባቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ታንኳ ሠሪ ነበሩ። ደንገሉን፣ ያን ውሃ ዳር የሚበቅለውን ሸምበቆ መሳይ ሣር፣ አጭደው ፀሐይ ላይ ይዘረጉታል፣ እኔ እገለብጠዋለሁ፣ ሲጠወልግ በልጥ ጥፍር አድርገው ያስሩታል። የደረቀ ደንገል ሽታ የገለባ ሽታ አይደለም። ትንሽ ጭቃ፣ ትንሽ ዓሣ፣ ከሥሩ ደግሞ ማር ማር የሚል ነገር አለበት። ዛሬም አንዳንዴ ምንም ደንገል በሌለበት ይሸተኛል።

የደንገል ታንኳ ውሃ ይጠጣል። ሄዶ በተመለሰ ቁጥር ጎትተው ያወጡትና ዛፍ አስደግፈው ያቆሙታል፣ ውሃው እስኪንጠፈጠፍ። ከሩቅ ሲያዩት አንድ ረጅም ሰውዬ ግንድ ተደግፎ የሚያንቀላፋ ይመስላል። ወንድሜ ሰይድ የሚያጠናው በዚያ ጥላ ሥር ነበር። አልፎ አልፎ ጠብታ ደብተሩ ላይ ትወድቅበትና ይሳደባል።

ሰይድ ታላቄ ነው። ከሰፈራችን ልጆች እስከ አሥራ ሁለተኛ የዘለቀ እሱ ብቻ ነበር። እኔ የቤቱ ሴት ልጅ ነኝ፤ ደጃፉን አልፌ የሄድሁት እስከ ገበያ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሰይድ ማታ ሲመጣ «ቃሉን ይዤ መጣሁ፣ ነገሩን ግን እዚያው ትቼው» ይል ነበር። ነገሩን የሚያገኘው ለእኔ ሲያስረዳ ነው። ሌላስ ማን ነበረው? እኔ ደንገል እየገለበጥሁ የትም አልሄድ።

አንድ ቀን ታዲያ «ዘይኑ፣ የአባዬ ታንኳ ማገዶና ዓሣ ይጫናል እንበል» አለኝ። «ማገዶ ቀላል ነው፣ ቦታ ግን ይይዛል። ዓሣ ቦታ አይይዝም፣ ግን ይከብዳል። ምን ያህል ማገዶ፣ ምን ያህል ዓሣ ብንጭን ይሻለናል?»

«አባዬን ጠይቃቸዋ።»

«አባዬን ተያቸው። አንቺን ነው የጠየቅሁ።»

ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም ነበር። አንቺን ነው የጠየቅሁ።

በጋው ስለጠና ባሕሩ ሸሽቶ እርጥቡን ደለል ትቶልናል። እንጨት አንሥቶ ከውሃው ጎን አንድ መስመር አሰመረ፤ ይሄ ማገዶ ነው። ከዚያ ወደ ቤታችን አቅጣጫ ሌላ አቆመ፤ ይሄ ዓሣ ነው። ቀጥሎ አጥሮቹ መጡ። አንዱ የክብደቱ አጥር ነው፤ እሱን ካለፍን ታንኳው ይሰምጣል። እሱ ለውሃው ቀረብ ብሎ የተጋደመ ነበር። ሌላው የቦታው አጥር፣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የወጣ ነው። በእያንዳንዱ አጥር ጫፍና አጥሮቹ በሚገናኙበት ላይ ችካል ተከልን። በሁሉም ውስጥ የቀረውን ቦታ ሰይድ «የሚቻለው ግቢ» አለው። «ከግቢው ውጭ ያለውን ማሰብ ትችያለሽ፤ መጫን ግን አትችይም» አለኝ።

ከዚያ የመረብ ክር አምጥቶ አንዱን ጫፍ ሰጠኝ። ክሩ ትርፋችን ነው። እሱ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው ሆነን ወጥረን እንይዝና እኩል እየተራመድን ከመነሻው እንርቃለን። በራቅን ቁጥር ትርፉ ይጨምራል። እኔ ከፈጠንሁ ክሩ ይጣመማል፣ እሱ ከፈጠነም እንደዚያው። ክሩ ግቢውን ለቆ ሊወጣ ሲል መጨረሻ የሚነካት ችካል አለች፤ መልሱ እሷ ናት። ችካሏን ሲነካት በጣቴ ይሰማኝ ነበር፣ ልክ ዓሣ መንጠቆ ሲቀምስ እንደሚሰማው። «ቆመ!» እላለሁ። ሰይድም «የትኛው አጥር ነው የያዘን?» ይለኛል። እኔም እዚያች ችካል ላይ የሚገናኙትን አጥሮች አሳየዋለሁ። ሌላ አጥር ቢጨምርም፣ ራቅ ብሎ ዝም ብሎ የቆመውን «ይሄ አልያዘንም» እለዋለሁ። ደስ ይለዋል።

የሰፈር ልጆች «እነ ሰይድ ደለል እያረሱ ነው! ምን ዘራችሁ? ጤፍ ነው ዳጉሳ?» እያሉ ይስቁብን ነበር። ሰይድ ያፍራል። እኔ አላፍርም ነበር። ሌላ ጨዋታ ሁሉ ረከሰብኝ። ገበጣም ቢሉ አልሄድ፣ ዋናም ቢሉ አልሄድ።

አንድ ቀን ምሳ በልተን ስንመለስ ሰይድ የክሩን ማዘንበል ለወጠና «ገበያው ተለውጧል፣ ዓሣ ተወዷል፤ በይ ፈልጊ» አለኝ። ጀርባዬን ለባሕሩ ሰጥቼ፣ ዓይኔን ወደ ላይኞቹ ችካሎች አድርጌ መራመድ ጀመርሁ። ብራመድ፣ ብራመድ ክሩ የሚነካው የለም። መጨረሻ ላይ እላይ ያለችውን ችካል ነካ። «ዓሣ ብቻ!» አልሁ በደስታ። «ማገዶ አያስፈልግም፣ ዓሣ ብቻ!»

ሰይድ ደለሉ ላይ ተንከባለለ። «ገደልሻቸው! አባዬን ከነታንኳቸው አሰመጥሻቸው!»

ዞር ብዬ ሳይ፣ ለካ በእኛ ምሳ ሰዓት ነፋስ ተነሥቶ ማዕበሉ ከታች ያለውን ሁሉ ልሶታል። የክብደቱ አጥር የለም፤ የመገናኛዋ ችካልም ተጋድማለች። ባሕር ዳር የሚያድግ ልጅ ነው እንዲህ ያለ ነገር የሚሳሳት፤ ደለሉ እርጥብ ሲሆን መስመር ይቀበላል፣ እርጥብ የሚሆነው ደግሞ ማዕበሉ የሚደርስበት ነው። ሰይድ ሳቁ ሲያልፍለት «ክሩ አልዋሸሽም» አለኝ። «አንድ አጥር ጠፍቶ ሳታዪው ነው የሄድሽው።»

ስለ እናቴ ልንገራችሁ እንጂ፣ ረሳኋት። እማዬ የደንገል ምንጣፍ ትሠራ ነበር። ነገር የምታየው በእጇ ነው። ጤፉን በጣቷ ታሸዋለች፣ እኔ ስገባ ፊቴን በመዳፏ ትዳብሰዋለች፣ ገበያ ስንወጣ «ነይ እጄን ያዢኝ» ትለኛለች። ፍቅር ይመስለኝ ነበር፤ ፍቅርም ነበር። ዓይኗን ያማታል። ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ እየበቀለ ይወጋታል። ጠዋት ጠዋት ደጃፉ ላይ ራሷን ጭኔ ላይ አድርጋ ትጋደማለች፣ እኔም በወረንጦ እነቅልላታለሁ። ሌላ ሰው እንዲነካት አትፈቅድም። «የዘይኑ እጅ አይንቀጠቀጥም» እያለች ለጎረቤት ሁሉ ታወራልኛለች። እኔም ኩራት በኩራት እሆናለሁ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ሰይድ ፈተናው ደረሰ። ካለፈ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። አንድ ቀን ታንኳው ጥላ ሥር ተቀምጦ «እኔ ስወጣ አንቺ ትገቢያለሽ» አለኝ። «የት?» ስለው «ትምህርት ቤት ነዋ፣ የት ልትገቢ ኖሯል?» አለኝ። አባቴን እንደሚያሳምናቸው ማለልኝ። እሳቸው ነገር በጆሯቸው አይገባቸውም፣ በዓይናቸው ነው፤ ስለዚህ ደለሉ ላይ እናሳያቸዋለን። ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። ሐሳቤ ሁሉ አንድ ነው፤ አባዬ ካዩኝ እሺ ይላሉ።

ጁምዓ ነበር። አባቴ ከመስጊድ ሲመለሱ ነጭ ልብሳቸውን እንደለበሱ ሰይድ ያዛቸው።

«አባዬ፣ ዘይኑ አንድ ነገር ታሳይዎት።»

«ደግሞ ደለል ልታርሱ ነው?» አሉ፤ ግን መጡ። ቆባቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ቆሙ። እማዬም እጄን ይዛ መጥታ ነበር። ሰይድ ክሩን ሊይዝልኝ ሲል አባቴ «አንተማ ተው። አንተ ከያዝህ ማን እንደሠራው በምን አውቃለሁ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ሌላውን ጫፍ እማዬ ያዘች።

ጀመርን። ግን ክሩ አልስተካከል አለ። እማዬ አንዴ ትቀድማለች፣ አንዴ ትቀራለች። «እማዬ፣ ትንሽ ወደ ፊት... በቃ ቁሚ... አሁን ነይ» እላታለሁ። እሷ ትስቃለች። አጥሩ ጋ ስትደርስ ችካሉ ጠለፋትና በጉልበቷ ወደቀች። «ይሄ የናንተ አጥር!» አለች፣ አሁንም እየሳቀች፤ ክሩን ግን አለቀቀችውም። እኔ ክሩ ሲነካ ተሰማኝ። «ቆመ! አባዬ፣ ይችት ናት! የያዙን እነዚህ ሁለቱ ናቸው!» ብዬ ጮህሁ።

ልክ ነበርሁ። ሰይድ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ጨፈረ። ቀና ብዬ አባቴን ባያቸው ግን ችካሏን አያዩም። እኔንም አያዩም። የሚያዩት እማዬን ነው፤ ከደለሉ ላይ ስትነሣ፣ በእጇ መሬቱን እየዳበሰች። ሄደው አነሷት። ልብሷን አራገፉላት። ከዚያ «ይሁን እስቲ» ብለው ወደ ቤት ገቡ።

ይሁን እስቲ ምን ማለት ነው? ሰይድ «እሺ ማለታቸው ነው» አለ። እኔም ይዤው ሰነበትሁ። በዚያው ሰሞን አባቴ በመርከብ ጎርጎራ ደርሰው መጡ፣ አንድ ነጭ ሸራ ጫማም ይዘው ነበር። ለሰይድ እንዳይሆን ትንሽ ነው። በማሰሪያው ከምሰሶው ላይ አንጠለጠሉት፣ የአዲስ ላስቲክ ሽታው ቤቱን ሞላው። የማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። የሚነግዱበት መሰለኝ፤ አንዳንዴ ከዚያ አገር ዕቃ አምጥተው መራዊ ገበያ ይሸጡ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ከምሰሶው ላይ ጠፋ።

መስከረም ሲጠባ አባቴ ደጃፍ ላይ ታንኳ ሲያስሩ አገኘኋቸው። ቀና ሳይሉ «ትምህርት ቤቱ አይሆንም፣ ልጄ» አሉኝ። ልጡን ጠበቅ አደረጉት። «እቤት ትፈለጊያለሽ።» ይኸው ነው። ሰይድ በዚያ ሰሞን ማለፉ ተነግሮት ለመሄድ ጓዙን ይዞ ነበር። አቅፎኝ ወጣ። እማዬ ከውስጥ ሆና ምንጣፏን ትሠራለች።

ለአባቴ ከሶላት በፊት የሚታጠቡበትን የውዱእ ውሃ የማፈስላቸው እኔ ነበርሁ። ድሮ እያፈሰስሁ አወራቸዋለሁ፤ ዛሬ ጉማሬ አየን፣ ዛሬ እከሌ መረቡ ተቀደደ። ከዚያ መስከረም ወዲህ ዝም ብዬ አፈስሳለሁ፣ ባሕሩን ባሕሩን እያየሁ። እሳቸውም ዝም ብለው ይታጠባሉ። አንዳንዴ ውሃው ካለቀ በኋላም እጃቸውን እንደዘረጉ ትንሽ ይቆዩ ነበር። እኔ ማሰሮዬን ይዤ እገባለሁ። እንዲህ ሆነን ዓመት በዓመት ላይ ሄደ። እኔ ተዳርሁ፣ እዚያው ሰፈር። የእማዬ ዓይን ጨርሶ ጠፋ፤ እጇን ይዤ መራኋት እስከ መጨረሻዋ ድረስ። አባቴ ከእሷ ቀድመው ሄዱ። በታመሙ ጊዜም አጠገባቸው ነበርሁ፤ ያፈሰስሁላቸው ውሃ ብዙ ነው፣ ያወራነው ጥቂት።

ያ ደለል ዛሬ የለም። ቦታው ላይ ሎጅ ተሠርቶበታል፤ ድንጋይ ተነጥፎ፣ ወንበር ተደርድሮ፣ ወጣቶች ፎቶ ይነሡበታል። ደንገሉም ሳስቷል፣ ባሕሩን ደግሞ እምቦጩ ይዞታል። የእናቴን ዓይነት ዓይን ዛሬ ጤና ጣቢያ ቢወስዱት ሽፋሽፍቱን በአንድ ጠዋት ያስተካክሉታል፤ ጎረቤቴን ወስጄ አሳክሜያታለሁ፣ በማግሥቱ ጤፍ ስትለቅም አገኘኋት። ሀያት ደግሞ ጠዋት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ስትወጣ ማንም ቁጭ ብሎ ይሁን አይሁን አይልላትም። እንዲያውም ተኝታ እንዳትቀር ነው የምንቀሰቅሳት። ስትነጫነጭ ደስ ይለኛል። ጫማዋን ደጃፍ ላይ ስታስር አያታለሁ፤ የምታስረው እየተጣደፈች ነው፣ እንደ ማንኛውም ነገር።

እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ያን ችካል እያየሁ፣ የያዘኝ አጥር አባቴ ናቸው ስል ኖርሁ። ክሩ እኮ አልዋሸኝም ነበር።

አንድ ዓመት ሰይድ መምህር ሆኖ ከኖረበት አገር ለአረፋ መጣ። ሁለቱም ወላጆቻችን ከሞቱ ብዙ ጊዜ ሆኗል። ከስግደት በኋላ ባሕሩ ዳር ተቀምጠን የድሮውን ስናነሣ፣ «አባዬ እሺ ቢሉኝ ኖሮ» አልሁ፣ እንዲያው እንደ ዋዛ።

ሰይድ ዞሮ አየኝ። «አባዬማ እሺ ብለው ነበር እኮ። እማዬ በኋላም አልነገረችሽም?»

«ምን ትነግረኛለች?»

ከዚያ አንድ በአንድ ነገረኝ። ያን ክረምት እማዬ ዓይኗ እየጠፋ መሆኑን አውቃ ነበር። «ልጅቷ ከሄደች በማን እጅ እወጣለሁ? አደራ፣ የቀረችው በእኔ ዓይን ምክንያት መሆኑን እንዳታውቅብኝ» ብላ አባቴ እግር ላይ ወድቃ አለቀሰች። ሰይድ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። ያ ከጎርጎራ የመጣው ነጭ ሸራ ጫማ የእኔ ነበር።